የባልዲው በረዶና የጁፒተር ጨረቃ

[ምስል፦ ማለዳ፣ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ባልዲ]

ጤና ይስጥልኝ! ይሄ የምታዩት የእኛው ቤት ባልዲ ነው። ደብረ ብርሃን፣ የታኅሣሥ ጠዋት። ማታ ውሃ ሞልተን ውጪ ረሳነው፤ ውርጩ ደግሞ እንደምታውቁት አይምርም። በጣሳ ጠርዝ ልምታው... ተሰበረ። ላዩ ስስ በረዶ ነው፣ ሥሩ ግን ያው ውሃ። በረዶ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፣ የታችኛውንም እንደ መንዝ በርኖስ ይሸፍነዋል።

ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር ምን አገናኘው አትሉም?

ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት አለ ወይ ሲባል ሁሉም የሚጠራው ማርስን ነው። እኔ በግሌ ማርስ ላይ ብዙም ተስፋ የለኝም። ድሮ ወንዝና ሐይቅ ነበራት፤ አሁን የአየሯ ግፊት ከእኛው 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ውሃ ላይዋ ላይ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም።

[ምስል፦ ዩሮፓ]

ይቺን ግን ተመልከቱ። ዩሮፓ ትባላለች፣ የጁፒተር ጨረቃ ናት። ላይዋ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ነው፣ የጣርማበር ብርድ እዚያ ሙቀት ነው! ከበረዶው ሥር ግን ጨዋማ ውቅያኖስ እንዳለ ብዙ ሳይንቲስቶች ይስማማሉ፤ ውሃው የምድር ውቅያኖሶች ተደምረው ከሚይዙት እጥፍ ገደማ ይገመታል። ታዲያ ከፀሐይ ያን ያህል ርቆ እንዴት ሳይጠጥር ቀረ? ዩሮፓ ጁፒተርን ስትዞር አንዴ ትቀርበዋለች፣ አንዴ ትርቀዋለች፣ የእሱ ስበትም እንደ ሊጥ ሲያሻት ውስጧ ይሞቃል።

የሳተርኗ ጨረቃ ኢንሴላደስ ደግሞ ቸር ናት። ስፋቷ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ውሃዋን በስንጥቆቿ ወደ ጠፈር ትረጫለች። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በፍንጣቂው መሃል አልፋ ቀምሳዋለች። ጨው አለ፣ ሃይድሮጅን አለ፣ ካርቦን ያላቸው ውህዶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ካሲኒ ከሰበሰበችው መረጃ ውስጥ ፎስፈረስ ተገኘ። ማዕዱ ቀርቧል፣ በላተኛው ግን እስካሁን አልታየም።

ያለ ፀሐይ እንዴት ይኖራል እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አካባቢ፣ ብርሃን በማይደርስበት የባሕር ወለል፣ ፍልውሃ ዙሪያ ትላትልና ሸርጣኖች ሲርመሰመሱ ተገኝተዋል። የምግባቸው መነሻ ከኬሚካል ጉልበት የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ዩሮፓ ክሊፐር የተባለች መንኮራኩር ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተነስታለች፤ በ2022 ዓ.ም. ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። አታርፍም፣ 49 ጊዜ እየተጠጋች ታልፋለች እንጂ። ሥራዋም ቦታው ለሕይወት ይመች እንደሆነ ማየት ነው። በረዶውን በስቶ የሚገባ መሣሪያ ገና አልተላከም።

በሉ ባልዲውን ልውሰደው፣ እማዬ ለቡናው ውሃ እየጠበቀች ነው።