ነጩን ቀብተን አንሽጥ
(በጅማ ለአናጺዎችና ለእንጨት ነጋዴዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሙያውን የምትለምዱ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ እንጨት አያያዝ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «ቁም ሳጥኔን እይልኝ» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ዋንዛ ነው። ቫርኒሹ ያበራል። የኋላ እግሩን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ሰጠመ። ውስጡ የምስጥ አፈር ብቻ ነው። ምስጡ ከወለሉ ሥር በግድግዳው በኩል የጭቃ መንገድ ሠርቶ ነው የወጣው። ቀላ ያለውን የእንጨቱን ልብ አልነካውም። የበላው በቀለም ቀይ እንዲመስል የተደረገውን ነጩን፣ ከልቡ ውጭ ያለውን የዳር እንጨት ነው። ሴትዮዋ ያንን ቁም ሳጥን የገዙት ለልጃቸው ሰርግ በቆጠቡት ብር ነው።

ያንን ነጭ ማን ቀባው? ከመካከላችን ያለ ሰው ነው የቀባው! ምን እንደሆነ እያወቀ!

ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛፍ ውኃ የሚያመላልሰው፣ ምግቡንም የሚያስቀምጠው በዳሩ ነው። ምስጥም ነቀዝም የሚፈልጉት ያንን ነው። ልቡ ግን ምስጥና ሻጋታ የሚጠሉትን ነገር አጠራቅሟል፤ የጥድ ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው። የጥድም የወይራም ጥንካሬ ልባቸው ላይ ነው፤ ዳራቸው ይበላል። ዝግባና ቀረሮ ደግሞ ልባቸውም አፈር ከነካ አይቆይም። ግሩም እንጨቶች ናቸው፣ ደረቅ ቦታ ላይ ይሁኑ እንጂ።

ጅረን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያቆመው የአናጺ እጅ ነው። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አገር ምድሩን የዞረው በዚሁ ሙያ ነው። ይህን ስም በአንድ ጣሳ ቀለም እናጥፋው?

ባሕር ዛፍን በአጭሩ ልበል። ለጋው ከነጭ በቀር ምንም የለውም፣ ለቋሚ አትሽጡት። የተቃጠለ ዘይት ቢቀቡት ላዩን እንጂ ውስጡን አያድነውም። ቀርከሃ ደግሞ ከእነጭራሹ ልብ የለውም። 3 ዓመት ሳይሞላው አይቆረጥ፣ በበጋ ይቆረጥ፣ ነቀዝ በሚከላከሉት በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ይነከር፣ ከመሬት ከፍ ይበል።

አሁን የመጣሁበትን ልጠይቅ። ደረሰኝ ላይ እንጻፍ፦ «ዋንዛ፣ ልቡ» ወይም «ዋንዛ፣ ነጭ ያለበት»። ነጭ ያለበት ዋጋው ይቀንስ። ቀብቶ የሸጠ የገዢውን ገንዘብ ይመልስ። ከምሳ በፊት እጅ አውጥተን እንወስን።

አመሰግናለሁ።