የሃያ ዓመቱ ሪዮሃ፦ እንጨቱ የት ደረሰ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። በፈረንጆች 2004 ዓ.ም. የተለቀመ፣ ከሰሜን ስፔን ከሪዮሃ የመጣ፣ በአዲሱ አሠራር የተጠመቀ ቀይ ወይን። 2004 ለሪዮሃ ደግ ዓመት ነበር። እንዲህ ያለ ወይን ፊቴ ሲቀርብ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንጨቱ፣ ማለትም ከበርሜሉ የወሰደው የእንጨት ጣዕም፣ የት ደረሰ?

የድሮው ሪዮሃ 225 ሊትር በሚይዝ የአሜሪካ ኦክ እንጨት በርሜል ለዓመታት ይቀመጣል፤ በየጊዜው ከበርሜል ወደ በርሜል ይገለበጣል። እየተገለበጠ አየር ስለሚያገኝ ቀለሙ ይገረጣል፣ ኮኮናትና ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። ኤንሪኬ ፎርነር በ1970 ማርኬስ ዴ ካሴሬስ የተባለውን የሪዮሃ ወይን ጠማቂ ድርጅት ሲያቋቁም በፈረንሳይ የቦርዶውን የወይን ሊቅ ኤሚል ፔይኖን አማክሮ የፈረንሳይ በርሜልና አጠር ያለ ቆይታ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ይበልጥ ገፉበት፤ ቴምፕራኒዮ የሚባለው የሪዮሃ ዋና ቀይ ወይን ፍሬ በደንብ ሲበስል ይለቀማል፣ ከልጣጩ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ አዲስ የፈረንሳይ በርሜል ይገባል። ወፍራም፣ ጥቁር፣ አልኮሉ 14 በመቶ የሚደርስ ወይን ይወጣል። ገና በወጣትነቱ ፍሬውም እንጨቱም እኩል ስለሚጮሁ መለየት ያስቸግራል። ዓመታት ሲያልፉ ፍሬው ይደክማል፤ እንጨቱ ከልኩ በላይ ከነበረ ያኔ ብቻውን ይቀራል።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን አስቀድሞ አቁሙት፤ በጎኑ ተኝቶ የከረመው አተላ ወደ ታች ይዝቀጥ። ቤታችሁ ሞቃት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ (ከልጣጭና ከእንጨት የሚመጣው አፍ የሚያደርቅ ነገር) ይከርራል፣ ወይኑም ያለጥፋቱ ይወቀሳል።

ቡሹ ላይ አትቸኩሉ። የሃያ ዓመት ቡሽ ይፈረፈራል። በሁለት ቀጭን ምላስ ከጎንና ከጎን የሚይዘው መክፈቻ ይሻላል። ያላችሁ ጠመዝማዛው ብቻ ከሆነ እስከ ታች አስገቡት፤ ግማሽ ድረስ ብቻ ከገባ የታችኛው ክፍል ተሰብሮ ይቀራል።

ሁሉንም አንዴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከመገልበጣችሁ በፊት ትንሽ ቀድታችሁ ቅመሱ። መዓዛው ተዘግቶ አልወጣ ካለ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አየር ይጠቅመዋል። ስትገለብጡ የስልክ መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር ይሁን፤ ጥቁር ክር መሰል አተላ ወደ አንገቱ ሲመጣ አቁሙ። ግማሽ ሲኒ ያህል ይቀራል፤ አትሳሱለት፣ ይመርራል።

ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሉት። ጠርዙ የሸክላ ቀለም ይይዛል፣ መሃሉ ግን ገና ጥቁር ነው። መጀመሪያ ሳትነቀንቁ አሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ አየር አያድነውም፣ እያደር ይብሳል። የፈረስ ላብ ወይም የቁስል ፕላስተር ከሸተተ ብሬታኖማይሴስ የሚባለው እርሾ ነው። ዘግይቶ የተለቀመ ወይን አሲዱ ዝቅ ይላል፤ አሲዱ ዝቅ ሲል መከላከያው ሰልፈር አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይህ ችግር አዲሱን አሠራር በቀላሉ ያጠቃል። ጤናማ ከሆነ የደረቀ በለስ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ ቅርንፉድ ይመጣል።

አሁን ዋናው ፈተና። አንድ ጉንጭ ያዙና አሥር ሰከንድ በአፋችሁ አዙሩት፣ ዋጡት፣ ከዚያ ምላሳችሁን ድዳችሁ ላይ አሂዱ። የወይኑ ልጣጭ ታኒን ከድድና ከጉንጭ ይይዛል፤ ምራቅ ሲመለስ ይለቃል፣ ጣዕሙም ተመልሶ ይመጣል። ከመጠን ያለፈው የእንጨት ታኒን ግን የምላስን መሃልና ጉሮሮን ያደርቃል። ደረቅ መፋቂያ ስታኝኩ የሚሰማችሁ ዓይነት ነው፤ ምራቅ ቢመጣም አይለቅም፣ ከኋላውም ፍሬ አይከተልም። ውኃ ጠጥታችሁ ድገሙት፤ አንድ ጉንጭ ያታልላል።

ፍርዳችሁን ሳትሰጡ ምግብ አታቅርቡ፤ ስብና ጨው ታኒኑን ስለሚያለዝቡ ጉድለቱ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ግን የሪዮሃ ሰዎች በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም የሚጠብሱትን የበግ ጎድን የሚያህል የለም። እኛ ቤት ጨው ብቻ የነካው የበግ ጥብስ ይሆናል። በርበሬ የበዛበት ወጥ የአልኮሉን ማቃጠል ያጎላዋል፣ የወይኑን ስስ መዓዛም ይውጠዋል። ይህን ያህል ዓመት ለተጠበቀ ወይን አልመክረውም።

አንድ ብርጭቆ የሚያህል አስቀሩና ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግሥቱ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ቀዝቃዛነቱ ሲለቅ ቅመሱት። ፍሬው ካለ እንጨቱ ከውስጡ ገብቷል፤ ከዚያው ሳጥን የቀረ ካላችሁ ጥቂት ዓመት ይቆይላችኋል። የቀረው መፋቂያው ብቻ ከሆነ ግን የተረፉትን ጠርሙሶች ዛሬ ነገ ሳትሉ ክፈቷቸው።