ሲልቪያ ማንን መረጠች?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ድመቷን አስወጥቻታለሁ፤ ዛሬ ማንም አይረብሸንም።

ባለፈው ክፍል ምን እንዳልኩ ታስታውሳላችሁ። «ሲልቪያ ፓንክረስት ሞታ ትገኛለች እንጂ ቸርችልን አትመርጥም» ብዬ ነበር። እንደ ልማዴ፣ በሙሉ ልብ። ሲልቪያ ያችው ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችው፣ ለኢትዮጵያም የተሟገተችው እንግሊዛዊት ናት። ከዚያ አንድ አድማጭ ጻፈልኝ። «በ1945 ታዲያ ማን ነበረላት?» ዓመቶቹ ዛሬ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ስሌቱን ለራሳችሁ ተዉትና አትጨቅጭቁኝ።

አየሁት። ልክ ነው። እሷ የምትኖርበት፣ ውድፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ የምርጫ ክልል የተፈጠረው በዚያው ዓመት ነው። ቸርችል ከ1924 ጀምሮ የሚመረጥበት ኤፒንግ መራጩ በጣም በዝቶ ስለነበር ተከፈለ። አንድ ክልል፣ አንድ ወንበር፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። ልክ እንደ እኛ። ሌበርና ሊበራል የሚባሉት ፓርቲዎች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመራ ሰው ነው ብለው በእሱ ላይ እጩ አላቆሙም። የቀረው አሌክሳንደር ሃንኮክ የሚባል የግል ተወዳዳሪ ብቻ ነው። ከፓርቲ የለ፣ ከስም የለ። እና 10,488 ሰው መረጠው! ቸርችል ደግሞ 27,688።

እስቲ አስቡት። አገር ያዳነ የተባለ ሰው፣ በገዛ ሰፈሩ፣ ያውም ተቃዋሚ ጠፍቶ... 10,488። ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 5 ነው። የወታደሮቹ ድምፅ ከየግንባሩ እስኪመጣ ተጠበቀና ውጤቱ በ26 ተነገረ። ወንበሩን አገኘ፤ ፓርቲው በአገር ደረጃ ተሸነፈና ሥልጣኑን አጣ።

ሃንኮክን ከመረጡት ውስጥ አንዷ ሲልቪያ ትሆን? ወይስ ቤቷ ቀረች? ያች ለሴቶች ድምፅ ብላ ስንት ጊዜ የታሰረች ሴት ምርጫ ቀን ቤቷ ስትቀመጥ አይታየኝም። ግን ደግሞ... ቸርችልን? በ1910 ፖሊስ ሴቶቹን ሲደበድብ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማን ሆነና!

ለማንኛውም፣ ያሰብኩት ስለ እሷ ለማውራት አልነበረም። ስለ አባዬ ነው።

ያን የእንግሊዝ ጉዟችንን ከዚህ በፊት አውርቼላችኋለሁ፣ የሻንጣውን። አዎ፣ በርበሬው የፈሰሰበት። ውድፎርድ ግሪን ወስጄው ነበር። ሲልቪያ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከቤቷ ፊት ለፊት ያቆመችው የድንጋይ ቦምብ አለ። አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ የሚወርድ ቦምብ። ትንሽ ነው፤ መኪናው ሁሉ ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። ጽሑፉን ተረጎምኩለት። በ1932 በአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት ይጠበቅ ብለው ለተሟገቱት ቆመ ይላል።

«ለደብዳቢዎቹ ነው እንዴ ያቆመችላቸው?»

«አይ አባዬ፣ እየሰደበቻቸው ነው።»

ቆይቶ ገባው። «ሰምና ወርቅ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። አዲስ አበባ ሥላሴ፣ የሲልቪያ መቃብር ጋ፣ እንደሚያደርገው።

እንዲህ ቆመን እያለ ጠየቀኝ። «ያኔ የዚህ ሰፈር ተመራጭ ማን ነበር?»

«ቸርችል።»

ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

በቃ። ይኸው ነው። ምንም አላለም። ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ሳብ አድርጎ አጠለቀው። እኔም ምንም አላልኩም። የቸርችል ሐውልት እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ «እንየው?» አልኩት። «ቡና እንጠጣ» አለኝ።

ለምን? ማዘን ነው? ንቀት ነው? ወይስ ያው... ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰፈር ስለ እኛ ጋዜጣ ያሳተመች ሴት፣ በኤርትራም በኦጋዴንም የገዛ መንግሥቷን የሞገተች፣ በፓርላማ ወኪሏ እሱ መሆኑ? አንድ ወንበር ማለት ይኸው ነው መሰለኝ። ያልመረጥሽውም የአንቺ ነው። እኔ ራሴ የክልሌ ተመራጭ ማን እንደሆነ ብትጠይቁኝ... አትጠይቁኝ።

እሷ በ1956 አዲስ አበባ ገባች፣ በ1960 አረፈች። ወለተ ክርስቶስ ተብላ ተቀበረች። ቸርችል ወንበሩን የለቀቀው በ1964 ነው። የሚገርመው ውድፎርድም ያኔ ነው የቀረው። ሰፈሩ ከጎረቤቱ ጋር ተደርቦ ዋንስቴድ ኤንድ ውድፎርድ ተባለ። ሰውየው ሲወጣ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞት የሄደ ይመስላል። አይ፣ የወሰን ለውጥ ነው እንጂ... አሁን እንኳ ልክ ልሁን።

ትናንት ማታ ለአባዬ ደወልኩ። «ባርኔጣህን ለምን አጠለቅህ?» አልኩት።

«በርዶኝ ነበራ።»

ወሩ ኦገስት ነበር። ላብ በላብ ሆነን ነው የተመለስነው። ቡናውን እንኳ በበረዶ ነው ያልኩት... ቆይ፣ ድመቷ በሩን እየቧጠጠች ነው።