ስልኩ ድስት ውስጥ ምን ይሠራል?

[ምስል፦ ከዚራ፣ ዛፎቹ ስር፣ ማታ]

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረርም ያላችሁ። በቀደም ማታ አክስቴ ጋ ደጋግሜ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ስልኳን አጥፍታ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ብረት ድስት ውስጥ ከታ ከድናዋለች! ለካ በቴሌግራም «ዛሬ ማታ ከፀሐይ ገዳይ ጨረር ስለሚመጣ ስልክ አጥፉ» የሚል መልእክት ደርሷት ነው። አቦ፣ በማታ ደግሞ የምን ፀሐይ?

ወሬው ውሸት ነው። የፀሐይ ማዕበል ግን አለ።

ፀሐይ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች በሚታዩበት አካባቢ ማግኔቱ ይጠማዘዝና ይወጠራል፤ እንደ ላስቲክ ሲበጠስ የታመቀው ኃይል ይለቀቃል። መጀመሪያ ብልጭታው ይመጣል፣ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። አንዳንዴ ከኋላው በቢሊዮን ቶን የሚመዘን፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ ጋዝ ይከተላል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። ሙቀት አይጨምርም፣ የድሬን ሙቀት በእሱ አታሳብቡ። መሬት ላይ ያለ ሰውም አይጎዳም፣ ከላያችን ያለው አየር ጨረሩን ያስቀረዋል። ጠቡ ከሽቦ፣ ከሬዲዮና ከሳተላይት ጋር ነው።

[ምስል፦ የጀጎል ግንብ]

በ1851 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ምድርን መታ። አሜሪካ ውስጥ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪውን ነቅለው፣ ማዕበሉ ሽቦው ላይ በፈጠረው ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት ተላላኩ። ሐረር ያኔ በአሚሮቿ ስር ነበረች። ጀጎል ውስጥ አንድም ሽቦ የለ፣ ምኑን ይነካል? መጋቢት 4 ቀን 1981 ደግሞ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጣ። መረቡ ለመውደቅ 90 ሰከንድ ገደማ ነው የፈጀበት። (እኛ ሰፈር መብራት በሄደ ቁጥር ግን ፀሐይን አትክሰሱ፤ ይሄኛው ጣጣ የሚብሰው ወደ ዋልታዎቹ ለተጠጉ አገሮች ነው።)

«እሺ፣ እኛን አይመለከተንማ» ያላችሁ ካላችሁ፣ ቆይ።

የምድር ማግኔት የራሱ ወገብ አለው። ያ መስመር በኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው። ከላያችን ደግሞ አዮኖስፌር የሚባል፣ ፀሐይ ራሷ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ። ቀን ሲሞቅ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ከስሩ ቶሎ ይሳሳል፣ ላዩ ግን እንደወፈረ ይቀራል። ዘይት ከውሃ ስር ብትለቁት ምን ይሆናል? እየተንቦለቦለ ሽቅብ ይወጣል። እዚያም ቀጭኑ በወፍራሙ መሀል አረፋ እየሆነ ሽቅብ ይነሳል። የጂፒኤስ ሞገድ በዚያ አረፋ ሲያልፍ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ይሄ ያለምንም ማዕበል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ የሚሆን ነገር ነው! ማዕበል ሲጨመር አንዳንዴ ይባባሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። የሳቢያን ባጃጅ መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቅ ግድ የለውም፤ በሴንቲሜትር ለሚለካ ቀያሽ ግን ራስ ምታት ነው።

[ምስል፦ አሮጌ ሬዲዮ፣ በረንዳ ላይ]

ቀን ላይስ? ጳጉሜን 1 ቀን 2009፣ በእኛ 9 ሰዓት ላይ፣ በርጫው በሞቀበት ሰዓት ማለት ነው፣ ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ሆነ። ብልጭታው የአዮኖስፌርን ታችኛ ክፍል አወፈረው፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን መጠጠው። በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአትላንቲክ ሰፊ አካባቢ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ግንኙነት ተቋረጠ። እንዲህ ያለው ነገር የሚከፋው ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ቦታ ነው።

አያቴ የሬዲዮ ሰው ነበር። ቀን ላይ ጣቢያው ድንገት እልም ሲልበት ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል። እምቢ ሲለው ባትሪ ድንጋዮቹን ያወጣና፣ ኃይል እንዲያገኙ ብሎ፣ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል።