የቻትቦቱ ዋስ ማን ነው?

[ምስል፦ የአየር መንገድ ድረ ገጽ፣ ጥግ ላይ የቻት ሳጥን]

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2022 ነው። ካናዳ ውስጥ አንድ ሰው አያቱ ሞቱበት። ለሐዘኑ ከቫንኩቨር ወደ ቶሮንቶ ለመብረር የኤር ካናዳን ድረ ገጽ ከፈተ። አየር መንገዱ ለሐዘንተኞች ቅናሽ ስላለው እንዴት እንደሚያገኘው ቻትቦቱን፣ ማለትም የደንበኛን ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሰውን ፕሮግራም፣ ጠየቀ። ቻትቦቱም ቲኬቱን አሁን ገዝቶ ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። ሰውየው አምኖ ገዛ። በኋላ ቅናሹን ሲጠይቅ ግን፣ “ከጉዞ በኋላ አይቻልም” ተባለ።

ነገሩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ችሎት ደረሰ። አየር መንገዱ ያቀረበው መከራከሪያ ጉድ ያሰኛል። ቻትቦቱ ራሱን የቻለ አካል ነው፣ ለተናገረው ራሱ ይጠየቅ የሚል ነበር! ደግሞም ትክክለኛው ደንብ ቻትቦቱ በሰጠው ሊንክ ላይ ተጽፏል፣ ከፍቶ ማየት ነበረበት አለ። ችሎቱ ግን ደንበኛው አንዱን ገጽ በሌላው የሚያመሳክርበት ምክንያት አልታየውም። ድረ ገጹ ላይ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ብሎ በ2024 ፈረደ። ካሳው 650 የካናዳ ዶላር ገደማ ነበር።

[ምስል፦ የቅጥር ውል፣ ከሥሩ የዋስ ፊርማ]

መሥሪያ ቤቶች ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሲሰበሰቡ “እንመነው ወይስ አንመነው?” ብለው ይከራከራሉ። እኛ አገር ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል። ሰውየው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ጉድለት ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር ነው። ለቻትቦቱስ ማን ፈረመ? የአይቲ ክፍሉ? ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት? የዋሱ ስም የማይታወቅ ከሆነ ቻትቦቱ ሥራ ባይጀምር ይሻላል።

እነ ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ የዛሬ ቻትቦቶች መልስ የሚሰጡት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። የድርጅቱን ደንብ ቢያስነብቧቸው ስህተቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ክፋቱ፣ ሲሳሳቱም ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። አዲስ ሠራተኛ ግራ ሲገባው ፊቱ ላይ ይነበባል፤ እዚህ ፊት የለም።

ሠራተኛው ቻትቦቱ ውስጥ የሚያስገባው መረጃም ሌላ ጣጣ ነው። በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን የፕሮግራም ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ለጠፉ። ኩባንያው እንዲህ ያሉ አገልግሎቶችን በሥራ ኮምፒውተሮቹ ላይ ከለከለ። እኔ ክልከላ ብቻውን ይበቃል አልልም፤ ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው። ምን እንደሚለጠፍና ምን እንደማይለጠፍ በግልጽ ይነገረው።

[ምስል፦ በስልክ ላይ የአማርኛ መልእክት]

አንድ ባንክ ቻትቦት ሥራ ሊያስጀምር ነው እንበል። በእንግሊዝኛ ፈትኖ ጎበዝ ነው ቢል ለአማርኛ ደንበኛው ዋስትና አይሆንም። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ ነው። ደንበኛ ደግሞ እንደ መመሪያ አይጽፍም፤ “ብሬ ተቆርጦ ለላኩለት ሰው አልገባም” ይላል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ይሁን። መልሱንም በየቀኑ ከደንበኛ ጋር የሚሟገተው የቅርንጫፍ ሠራተኛ ይረመው። ሠራተኛው፣ ቻትቦቱ ሳይገባው የመለሰባቸውን ጥያቄዎች ለይቶ ያውጣና ወደ ሰው እንዲተላለፉ ያድርግ።