የመክፈቻ ንግግር፦ ዋት የሚቆጥር ሕግና የተቆለፈ ካርድ

የተከበራችሁ የኮምፒውተር ጠጋኞች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ከሐይቅ በጠዋት ተነስታችሁ ለደረሳችሁ፣ የደሴ ብርድ እንዳይጎዳችሁ ቡናው ከኋላ እየፈላ ነው። በምርቃት ለከፈቱልን አባቶች ምስጋናችን ከልብ ነው። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባል። እኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ነው የቆምኩት፦ ኮምፒውተር ኃይል እንዲቆጥብ የሚያዝ ሕግ ሲወጣ፣ የኃይል መቆጣጠሪያው የተቆለፈ ግራፊክስ ካርድ ምን ይሆናል?

ባለፈው ጥር፣ የሠርጉ ሰሞን፣ ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ የመጨረሻውን ቪዲዮ ለማውጣት ሬንደር ላይ ሳደርገው ግማሽ ላይ ይጠፋብኛል። ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ እየደወሉ ነው» አለኝ። ከፈትኩት። ምስልና ቪዲዮ የሚሠራው የግራፊክስ ካርዱ ፋን ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠረግኩት፣ ፔስት ቀየርኩለት። ከዚያ ሊኑክስ የሚባለውን ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩና የካርዱን የኃይል ገደብ ከ150 ዋት ወደ 120 ዝቅ አደረግኩት። አንዲት ፋይል ላይ ቁጥር መጻፍ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ካርዱ የኤኤምዲ ኩባንያ ስለነበረና የሊኑክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው የቻልኩት። ሬንደሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ዘገየ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ። ልጁ ዓይኑን ከዋት ሜትሩ ሳይነቅል «በቃ፣ ይኼው ነው?» አለኝ።

ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር ነው የሚጨምረው። ቮልቴጁን ብቻ 10 በመቶ ብትቀንሱ ቺፑ ሲሠራ የሚበላው 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ ፍጥነት ሰጥቶ ብዙ ዋት ማትረፍ ይቻላል። ግን መቀነሻው እጃችን ላይ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. 2013 ደንብ ቁጥር 617 አውጥቶ የኮምፒውተሮችን ዓመታዊ የኃይል ፍጆታ ገደበ። ግራፊክስ ካርዶችን እንደ ሜሞሪያቸው ፍጥነት ከጂ1 እስከ ጂ7 መድቦ፣ ለየደረጃው ተጨማሪ ኪሎዋት ሰዓት ፈቀደ። የዴስክቶፑን ቀመር ብታዩት፣ ከዓመቱ 55 በመቶውን ጠፍቶ፣ 5 በመቶውን ተኝቶ፣ 40 በመቶውን ደግሞ በርቶ ያለ ሥራ እንደተቀመጠ አድርጎ ያሰላል። በካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ጥብቅ ደረጃ ሲጀምር ዴል የተባለው ኩባንያ አሊየንዌር ከሚባሉት የጨዋታ ኮምፒውተሮቹ የተወሰኑትን ወደ 6 የአሜሪካ ግዛቶች መላክ አቁሟል። ጨዋታ የሚወዱ ልጆች ያኔ በጣም ተቆጥተው ነበር። እኔ ግን ሕጉን አልቃወምም። መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ እየሠራሁ ቁጠባን ልቃወም አልችልም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሜሞሪውን ፍጥነትና ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርገው ማነው? ድራይቨሩና ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ፈርምዌሩ፣ ናቸው። ሕጉ የሚለካው ዋት የሚወሰነው እዚያ በተጻፈው ነው። ያ ክፍል ከተቆለፈ ባለቤቱም፣ ጠጋኙም፣ ነፃ ድራይቨር የሚጽፈውም ምንም ማድረግ አይችሉም።

የኑቮ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ኑቮ ለኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች በበጎ ፈቃደኞች የተጻፈ ነፃና ክፍት ድራይቨር ነው። ሰነድ ስላልነበረ ካርዱ ሲሠራ እያዩ፣ እየገመቱ ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ከመጣው የጂቲኤክስ 900 ትውልድ ጀምሮ ግን ካርዱ የኩባንያው ፊርማ የሌለበትን ፈርምዌር አልቀበልም አለ። ስለዚህ ኑቮ ለዓመታት ፍጥነቱን ማስተካከል ተሳነው፣ ካርዱም ሲበራ በነበረበት ፍጥነት ላይ ቀረ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 የሊኑክስ ከርነል ሞጁሎቹን፣ ማለትም የድራይቨሩን አንድ ክፍል፣ ምንጭ ከፍቷል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈርምዌሩ ግን እስካሁን ዝግ ነው።

ከሥር ጀምሮ ክፍት ካርድ ለመሥራት የተነሱም አሉ። ኦፕን ግራፊክስ ፕሮጀክት የተባለው ቡድን ኤፍፒጂኤ፣ ማለትም ከተሠራ በኋላም ውስጡ እንደተፈለገ የሚቀየር ቺፕ፣ ያለው የሙከራ ቦርድ እስከማውጣት ደርሶ ነበር፣ የራሱን ቺፕ ግን አላየም። ዛሬ የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቮርቴክስ የሚባል፣ ሪስክ-ፋይቭ በተባለው ክፍት የቺፕ ትእዛዝ ደረጃ ላይ የቆመ ክፍት ጂፒዩ፣ ማለትም የግራፊክስ ቺፕ፣ አላቸው፣ እሱም ኤፍፒጂኤ ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው የምፈራው። ኤፍፒጂኤ ለዚያው ሥራ ከተዘጋጀ ቺፕ ይልቅ ብዙ ኃይል ይበላል። አሥር ቦርድ የሠራን ቡድን ሚሊዮን ከሚሸጥ ፋብሪካ ጋር በአንድ ሚዛን ካስቀመጥነው፣ ክፍቱ ሥራ በጨቅላነቱ ይቀራል።

እኛ ጋ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኃይል ቁጠባንም ያካትታል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ሥራ ፈትቶ 30 ዋት ያለአግባብ የሚወስድ ካርድ በቀን 10 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ የቪዲዮ ቤት ውስጥ ስንት ኮምፒውተር እንዳለ አስቡት።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። ስለ ኮምፒውተር ቁጠባ መመሪያ የሚረቀቅበት ቀን ሲመጣ፣ ማኅበራችን ሐሳቡን በጽሑፍ ይዞ ይጠብቅ። ዋት የሚገደብበት ዕቃ የኃይል መቆጣጠሪያው ሰነድ ይፋ ይሁን እንበል። በትንሽ ቁጥር ለሚሠሩ የሙከራ ቦርዶች የተለየ መንገድ ይኑር እንበል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ረቂቁን አብረውን እንዲጽፉ እንጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።

የዚያ ልጅ ኮምፒውተር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ዋት ሜትሩም ተሰክቷል። በሻይ ሰዓት ገደቡን ራሳችሁ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መከፈቱን በደስታ አስታውቃለሁ። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።