ካጠፋሁ ይቅርታ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬን የምጀምረው ከአንድ ጂንስ ሱሪ ነው።

ሱሪውን የገዛሁት እዚሁ ሲያትል፣ ከልባሽ ልብስ መሸጫ ነው። ሥራዬ ተከላካይ ጠበቆችን ማሠልጠን ነው፤ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለትን ጠበቃ ማለቴ ነው። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ "ፈትሹት" እላቸዋለሁ። የፊቱንም የኋላውንም ኪስ ይገለብጣሉ፤ ከዚያ "ባዶ ነው" ይላሉ። በቀኙ ኪስ አፍ ላይ የተሰፋችውን፣ ሁለት ጣት እንኳ በቅጡ የማታስገባውን የሳንቲም ኪስ ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው። እዚያ ውስጥ ጥፍር የምታህል የላስቲክ ከረጢት አስቀምጫለሁ። የያዘችው ጨው ነው።

ይህን ያመጣሁት ከእውነተኛ መዝገብ ነው። በዚሁ በዋሽንግተን ግዛት፣ በስፖኬን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሻነን ብሌክ የምትባል ሴት ተይዛ እስር ቤት ስትፈተሽ ከሱሪዋ የሳንቲም ኪስ ጥቂት ሜታምፌታሚን የተባለ የተከለከለ ዕፅ ተገኘ። ሱሪው ከልባሽ መሸጫ የተገዛና በጓደኛዋ በኩል ከሁለት ቀን በፊት የደረሳት መሆኑን፣ ዕፁ ኪሱ ውስጥ እንዳለም እንዳላወቀች ተናገረች። በጊዜው የነበረው ሕግ ግን ዐቃቤ ሕጉ ማወቋን እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም ነበር። አለማወቋን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በእሷ ላይ ነው። እስኪ አስቡት፤ ሰው አለማወቁን በምን ያስረዳል? ምስክሩስ ከየት ይመጣል?

የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2021 ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው። በዚያ ሕግ መሠረት ለአሥርት ዓመታት የተከመሩ ፍርዶችም መፍረስ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ጊዜያዊ ሕግ ዕፅ ይዞ መገኘትን ከከባድ ወንጀል ደረጃ አወረደው፤ "እያወቀ" የምትለዋንም ቃል አስገባ። በ2023 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህችን ቃል እንደያዘ፣ በመጀመሪያው ጥፋት እስከ 180 ቀን ሊያሳስር የሚችል ወንጀል አደረገው። እኔ የማስተምረው በአመዛኙ ይህችን አንዲት ቃል ነው። መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ጃኬቱ የማን ነው? ዕፁ አጠገብ መቀመጥና ዕፁን መያዝ አንድ ነው ወይ? አይደለም። ቢሆንም ጉዳዩ ወደ ታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ስለወረደ፣ ጠበቃው ጠዋት የመዝገብ ክምር ታቅፎ በኮሪደሩ ይሮጣል፤ ከደንበኛው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩትም ብዙ ጊዜ ችሎቱ በር ላይ ነው።

በዚያ ኮሪደር ላይ እኔ ራሴ ልሠራው የነበረውን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ለሠልጣኞቼም አልደብቀውም። ገና ጀማሪ ነበርኩ። ደንበኛዬ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ የአገሬ ሰው ናቸው። ከዐቃቤ ሕጉ ጥሩ የሚመስል ስምምነት አመጣሁላቸው፤ ጥፋተኛ ነኝ ይበሉ፣ የተወሰነ ትምህርት ይከታተሉ፣ ከዓመት በኋላ ክሱ ይዘጋል። እስር የለም። ደስ ብሎኝ ላስፈርማቸው ስል አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ በአጠገባችን ስታልፍ "የት ነው የተወለዱት?" አለችኝ። አገራቸውንማ አውቃለሁ፤ በአማርኛ እየተነጋገርን አይደል! ዜግነት ማግኘት አለማግኘታቸውን ግን አልጠየቅኩም ነበር። ጠየቅኋቸው። አላገኙም፤ የያዙት ግሪን ካርድ ነው።

አያችሁ፣ የፌዴራሉ የስደተኞች ሕግ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ሰውዬው ጥፋተኛ ነኝ ካለና ፍርድ ቤቱ አንዳች ግዴታ ከጣለበት፣ ክሱ ኋላ ቢዘጋም በዚያ ሕግ ዘንድ ተፈርዶበታል። በዕፅ ጉዳይ የተፈረደበት ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ነጻ የሚወጣው ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 30 ግራም ማሪዋና ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወሰነው የኬንታኪው የፓዲያ ጉዳይ የመጣውም ከዚሁ ነው። ፓዲያ ከ40 ዓመት በላይ እዚህ አገር የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የተሰለፈ ሰው ነበር። ጠበቃው ይህን ያህል ስለኖርክ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ አትጨነቅ አለው፤ እሱም አመነው። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን አደጋ ለደንበኛ መንገር የጠበቃ ግዴታ ነው አለ። እኔ ያን ውሳኔ አንብቤዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግን ከአእምሮዬ ጠፋ።

ተለዋጭ ቀጠሮ ጠየቅን፤ ዳኛዋ ፈቀዱ። በኋላ ጉዳዩ ሌላ መንገድ አገኘ። ዛሬ እንኳ ያን ወረቀት ሳስበው እጄ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሠልጣኞቼ ከክሱ በፊት የትውልድ አገርንና ዜግነትን እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። በ2023ቱ ሕግ፣ ዐቃቤ ሕጉ ከተስማማ፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ወደ ሕክምናና ድጋፍ የሚሄድበት መንገድ አለ። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ይህ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ነው።

ስለ ጫትም አስተምራለሁ፤ የእኛን ሰው ስለሚነካ። እዚህ አገር ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጣም ጥብቅ ከሆኑት ዕፆች ተርታ ተመድቧል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ጫት ከቡና ተርታ እንጂ ከሄሮይን ተርታ ሆኖ አይታያቸውም። ሠልጣኞቼን እጠይቃቸዋለሁ፤ ሰውዬው ጫት መያዙን ያውቃል፣ ሕግ የከለከለው ንጥረ ነገር ውስጡ እንዳለስ ያውቃል? ቅጠሉ የተመረመረው ከስንት ቀን በኋላ ነው? እንዴትስ ተቀመጠ? ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳልና።

በመጨረሻው ቀን ተከሳሽ እሆናለሁ። በአማርኛ ብቻ እናገራለሁ፤ አስተርጓሚ መካከላችን ይቀመጣል። ሠልጣኙ እንደገባ ብድግ እልና ጎንበስ ብዬ "ካጠፋሁ ይቅርታ" እላለሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ። ለእኛ አክብሮት ነው፤ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ምንም ሳያጠፋ የሚለው ነው። ጥፋቴ ነው ያለ ይታረቃል እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ግን በእንግሊዝኛ ሲወጣ የእምነት ቃል ይመስላል። አብዛኞቹ ወረቀታቸው ላይ "አምነዋል" ብለው ይጽፋሉ። ክርክራችንም ከዚያ ይጀምራል።

ባለፈው ዙር አንዲት ወጣት አልጻፈችም። ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ "ይቅርታ የሚጠይቁት ምን አጥፍተው ነው?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት፣ አሁንም ተከሳሽ ሆኜ። "በእኔ ምክንያት ሥራ የፈታችሁ መስሎኝ ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "እንግዲያው ይቀመጡ" አለችኝ፤ "ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። የት ነው የተወለዱት?"